በርዕሱ ላይ የወጣው ስም

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለኢኽላስ፣ ሻርጃ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ የእናትሽንም ቀብር ኑር ያድርግላት። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጄ ሉባባ ሆቴል ሥራዋ ላይ ናት። ወንድሜ፣ አጎትሽ ሰላህ፣ ከጀልባው አይወርድም፤ ልጁ ኸይረዲንም ጢም አውጥቶ ከአባቱ ጋር ይሠራል።

ከዚህ በኋላ ያለው ንዴቴ ነው። አንቺ ክረምት ላይ የሠራሽልንን ድረ ገጽ የሚያገኘው ሰው የለም። ሁለት ጀልባ ይዤ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብያለሁ፤ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሁሉ በስልኩ ፈልጎ የሚያገኘው የዚያን የጎረቤቴን የገድሉን ጀልባ ነው። መጥቶ የሚጠይቀው ደግሞ እኔኑ! ትናንት አንዱ «እማማ፣ የገድሉ ጀልባ የት ነው?» ሲለኝ በመቅዘፊያ አናቱን ልለው ነበር። የሞተር ሠራተኛችን አለበል ነው እጄን የያዘኝ።

ርዕሱን እኔ ራሴ እንደጻፍሁት ታውቂያለሽ። «ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ አላህ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፣ የወይዘሮ አስያና የቤተሰቧ ጀልባ» ይላል። ምን ጎደለው? የገድሉ ርዕስ ሰላምታ እንኳ የለውም። አስተካክይልኝ።

ሌላው ወሬ ከዚህ ይበልጣል። የሰላህ ነገር ወደ እርቅ ሄዷል። ሽማግሌዎቹ ወረታ ተመላልሰው የሟቹን የሙሀመድዘይንን ወገን አለሳልሰዋል፤ ረመዳን ሳይገባ ደሙ ይደርቃል ብለዋል። አጎትሽ እስሩን ጨርሶ ቢወጣም እርቅ እስኪወርድ ድረስ ነፍሱ የሱ አይደለችም። ያልበረደው የሟቹ ልጅ አብዱልበሲጥ ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ይነግዳል። ዱዓሽ አይለየን።

የሞባይል ኔትወርኩ እንደ ልቡ ነው። ይህን በእጄ ጽፌ ሉባባ ፎቶ አንስታ ከሆቴሉ ዋይፋይ ትልክልሻለች። ያንቺም የሚደርሰኝ እሷ ሥራ ስትገባ ነው።

አክስትሽ አስያ


ሻርጃ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018

ለምወድዎ አክስቴ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ጉልበትዎን እንድትስምልኝ ለሉባባ ልኬያለሁ። መቅዘፊያውን ግን ለውኃው ይተዉት።

አክስቴ፣ ርዕስዎን በኢንተርኔት መፈለጊያው ላይ አየሁት። «ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ አላህ መንገ» ይልና ይቆረጣል። ጀልባ የሚለው ቃል ብቅ ሳይል መስመሩ አለቀ። እንግዳው እርስዎ መድረሳ ይክፈቱ፣ ሰርግ ይደግሱ በምን ይወቅ?

እኔ እዚህ ቀኑን ሙሉ የምሠራው ይህንኑ ነው፤ የሰው ሱቅ ገጽ ርዕስ እጽፋለሁ። ርዕስ ማለት ሰውየው ፊትዎን ሳያይ፣ ድምፅዎን ሳይሰማ የሚያነበው አንድ መስመር ነው። እና ሰውየው ስልኩ ላይ ምን ብሎ ይጽፋል? «ጀልባ ባሕር ዳር» ነው የሚለው። እንግዲያው እሱ የሚፈልገው ቃል ከፊት ይቀመጥ። ከሌላው የሚለይዎት ነገር ይከተል፤ ስምዎ መጨረሻ ይምጣ። ሳይቆረጥ እንዲታይ አጭር ይሁን። ሰላምታውን ገጹ ውስጥ እንደ ልብዎ ያድርጉት፤ እንግዳው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ይመርቁታል።

የገድሉንም አየሁት። «ጀልባ ጀልባ ባሕር ዳር ጀልባ ምርጥ ጀልባ» ይላል። ለጊዜው ከላይ ቢያወጣውም እንዲህ የሚለፈልፍን ሰውም መፈለጊያውም ይሰለቹታል። ደግሞም አይዋሹ። ርዕሱ ጉማሬ እናሳያለን ካለ ገጹ ውስጥ ጉማሬ ይኑር፤ ካልሆነ መፈለጊያው ከገጹ ሌላ መስመር መዝዞ በራሱ ይለጥፍልዎታል። ሌሎቹ ገጾችዎ ደግሞ ሁሉም «መነሻ ገጽ» ነው የሚሉት። አሥር ልጅ ቢወልዱ አሥሩንም ሉባባ ይሏቸው ነበር? ለእያንዳንዱ የየራሱን ርዕስ ሰጥቻለሁ። ዋናው ይህ ነው፦

«ጀልባ በባሕር ዳር፦ ጉማሬና የዓባይ መውጫ ጉብኝት፣ አስያ ጀልባ»

ለአጎቴ ሰላህ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ። ልጅ ሆኜ ሞተር ላይ አስቀምጠውኝ ሐይቁ መሐል ሲዘፍኑልኝ አሁንም ይሰማኛል። እርቁ ያምርላቸው።

ልጅዎ ኢኽላስ


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 29 ቀን 2018

ይድረስ ለኢኽላስ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ የእጅሽን ሥራ ይባርከው፤ ሠርቷል። መጀመሪያ ግን ተናድጄ ነበር። ያለ ሰላምታ የሰው ቤት ዘው ይባላል? ብዬ ሉባባ ላይ ጮኽሁ። ባለፈው ዓርብ ግን ስልኩ ሳይቋረጥ ሲጮህ ዋለ፤ ከዚያ ወዲህ ጀልባዎቹ ባዶአቸውን ወጥተው አያውቁም። ገድሉ ሐይቁ ዳር መጥቶ በእናቴ ሰደበኝ። በጥፊ አጮልሁት፤ ያደረገው ኮፍያ ውኃ ውስጥ ገባ። ደርሶ ሊመታኝ ሲል አለበልና ኸይረዲን አንቀው ያዙት።

ሰላህ ግን አንገቱን ደፍቶ ሞተሩን ሲያጸዳ ነበር። ቀና ብሎ እንኳ አላየንም። ያ እጅ እንዲህ ሲታገሥ ሳይ አለቀስሁ።

አንቺ ያን ጊዜ ሕፃን ስለነበርሽ ልንገርሽ። ሰላህና ሙሀመድዘይን የሽንኩርት ሸሪኮች ነበሩ። ሐሙሲት ገበያ ላይ ሙሀመድዘይን የሰላህን መኪና አስቁሞ ጭነቱ የኔ ነው አለ። ተሰዳደቡ፣ ተናነቁ፤ ሙሀመድዘይን በጡጫ አፉን አደማው። ሰላህ ከመኪናው ወለል ላይ ፌሮ አንስቶ አናቱን መታው። ሰውየው ወደቀ። ሰላህ ወድቆም መታው። ደጋግሞ። ሽንኩርቱ ላይ የተረጨውን ደም ያየ ሰው ዛሬም ያወራዋል። የወረታ ሰዎች መሞቱን ሊረሱ ይችላሉ፤ ወድቆ መመታቱን ግን አልረሱም።

ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቄ አዝሻለሁ። በእኛ ደንብ ደም ያለበት ሰው እርቅ እስኪወርድ ድረስ ስሙ በአደባባይ አይነሳም። ቤቱ ሰርግ ቢኖር ከበሮ አይመታም። የሟች ወገን የሚገባበት ገበያ አይገባም። አንገቱን ደፍቶ፣ ሸክሙን ተሸክሞ ነው የሚታየው። ስሙ ከፍ ካለ «ገድሎ ይፎክርብናል» ይባላል፤ እርቁም ይፈርሳል። የሰላህን ስም ገጹ ላይ እንዳታነሺ። ፎቶውንም። ነግሬሻለሁ።

አክስትሽ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018

ለአክስቴ አስያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም፤ ጤናዎን አላህ ይጠብቅልኝ። የሚያስደስትዎት ወሬ አለኝ፤ ትንሽ ደግሞ የሚቆጡበት።

ገድሉ ርዕሱን አስተካክሎ እንደገና በልጦን ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ምን ብሎ ፈልጎ ወደ እኛ እንደሚመጣ አየሁ። ምን ብሎ እንደሆነ ያውቃሉ? «ሰላህ ጀልባ»። እንግዶቹ ሁሉ እሳቸውን ነው የሚያወሩት። አንዷ ማዕበል ተነሥቶ ጀልባዋ ስትንገላታ ዘለው ውኃ ገብተው ልጇን እንዳወጡላት ጽፋለች፤ «ጀግናው ካፒቴን» ትላቸዋለች። አክስቴ፣ እኔ የሰውን ሱቅ ርዕስ ሳሳምር እየዋልኩ የገዛ አጎቴን ስም ልደብቅ? ሰው የሚፈልገው ቃል ከፊት ይቀመጥ ብያለሁ፤ አስቀመጥኩት፦

«ጀግናው ካፒቴን ሰላህ ኑርሁሴን፦ ጀልባ በባሕር ዳር»

ትዕዛዝዎን ረስቼ አይደለም። ግን አጎቴ ቅጣታቸውን ጨርሰዋል፤ እስከ መቼ አንገታቸውን ይደፋሉ? የወረታ ሽንኩርት ነጋዴ ደግሞ ጀልባ አይፈልግም። መፈለጊያው የሐሙሲት ገበያ አይደለም።

ዛሬ ከገድሉ በላይ ነን። አይቆጡኝ።

ኢኽላስ


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2018

ኢኽላስ፣

ሰላምታ የለኝም። አጠገቤ ብትሆኚ ጣቶችሽን አንድ በአንድ ሰብሬያቸው ነበር።

ጀግናው! ሰው ገድሎ እርቅ የሚለምንን ሰው ጀግናው አልሽው! የሚገድል ሰው በእኛ አገር ምን ተብሎ እንደሚፎከርለት አታውቂም? ካፒቴንም ጨመርሽበት። የአብዱልበሲጥ ጓደኛ ቤተሰቡን ሊያዝናና አዲስ አበባ ተቀምጦ ጀልባ ፈለገ። ከሁሉ በላይ የወጣለት የሰላህ ስም ነው። ለአብዱልበሲጥ አሳየው። አባቱን በፌሮ የቀጠቀጠው ሰው ጀግና ተብሎ፣ ስሙ ከነአባቱ፣ ያለበት ከተማ ከነሐይቁ። ከእስር ከወጣ ወዲህ የደበቅነውን በአንድ መስመር ሰጠሽው።

ሰኞ ጠዋት አንድ አይሱዙ ሙሉ ሰው ከወረታ መጣ። ምሳር ይዘዋል። ሰላህ ኸይረዲንን ይዞ ነዳጅ ሊቀዳ ሄዶ ነበር፤ አላህ ያወጣው በዚያ ነው። ሐይቁ ዳር ያገኙት አለበልን ነው። «ጀግናው የት አለ?» ብለው በምሳር እጀታ አፉን መቱት። አላውቅም አለ። «ካፒቴኑ የት አለ?» ብለው ደገሙት። በመቱት ቁጥር ያንቺን ርዕስ ነው የሚጠሩለት። መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ጥርሶቹን ከአሸዋው ላይ እኔ ነኝ የለቀምሁ። ሚስቱ ጽጌ ጥርሶቹን በመሐረብ ቋጥራ ሆስፒታል ይዛቸው ሄደች፤ ይመለሱለታል ብላ።

ሁለቱንም ጀልባ ፈለጡት። የትልቁን ሆድ ቀደው ውኃ ሲገባበት ቆመው አዩ። እኔ ድንጋይ እየወረወርሁ ስጮህ አንዱ በእርግጫ ጥሎኝ ሄደ፤ ጎኔ እስካሁን አያስተነፍሰኝም።

ሽማግሌዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ወረታ ሄደው ለምነዋል። የሟች ሚስት፣ አላህ ይስጣት፣ እሺ ብላለች። አንድ ነገር ግን ጠየቁ፤ ስሙ ይውረድ፤ መውረዱንም እኔ በሽማግሌ ፊት ልማል። አውርጂው። ዛሬውኑ አውርጂው።

አስያ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2018

አክስቴ፣

አወረድኩት። ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ቆሜ አወረድኩት። ስማቸውን ከርዕሱም፣ ከገጹም፣ ከፎቶው ሥርም አጥፍቻለሁ። አሁን «ጀልባ በባሕር ዳር፦ ጉማሬና የዓባይ መውጫ ጉብኝት፣ አስያ ጀልባ» ነው የሚለው፤ እንደ መጀመሪያው። ሉባባ ትክፈትልዎትና በዓይንዎ ይዩት።

አለበልን ምን ልበለው? ጣቶቼን የሰበሩልኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አጎቴ ምን አሉ? ተቆጡኝ? ይጻፉልኝ፤ ስድብም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ኢኽላስ


ባሕር ዳር፣ ጥር 13 ቀን 2018

ለኢኽላስ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። የቆየሁት ጎኔ ስላመመኝ ነው፤ ቂሜም ነበር።

ሉባባ ሆቴል ሄጄ ገጹን ከፍታ አሳየችኝ። መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። ስሙ የለም። ልቤ ትንሽ ረጋ።

ሰላህ አልተቆጣሽም። ርዕሱን ሲሰማ «ልጅቱ ወዳኝ ነው» አለ። ከዚያ ወጥቶ የተሰበረውን ጀልባ ግድግዳ በባዶ እጁ ሲመታው ሰማሁ። ሲመለስ ጣቶቹ ደም በደም ነበሩ። ኸይረዲን ደግሞ ጩቤ ገዝቷል። ነጥቄ ሐይቁ ውስጥ ወረወርሁት፤ ሌላ ይገዛል ብዬ እፈራለሁ።

እርቁ እሑድ ጥር 24 ነው፤ ሐሙሲት፣ ደሙ የፈሰሰበት ቦታ። ሰላህ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ በጉልበቱ ይሄዳል፤ እነሱ ለአላህ ብለናል ሲሉ ድንጋዩን ያነሱለታል። ከዚያ በኋላ ስሙን በሰማይም በምድርም ጻፊው፤ እኔ ከበሮ አስመታለሁ። እስከዚያ ቃሌ ነው የሚያድነው። ቁርኣን ላይ እጄን ጭኜ ስሙ ወርዷል እላለሁ። በዓይኔ ስላየሁት አልፈራም።

ሉባባ ለድግሱ ሥራ እንድታግዘኝ ከነገ ጀምሮ ፈቃድ ወስዳለች። እሑድ ካለፈ በኋላ እንጻጻፋለን።

አክስትሽ አስያ


ሻርጃ፣ ጥር 18 ቀን 2018

አክስቴ፣ አይማሉ! ይህ ከደረሰዎት ሌላውን ሳያነቡ ይህን ብቻ ይስሙኝ። ገና አይማሉ።

ርዕሱ ሁለት ቦታ ነው ያለው። አንዱ ገጹ ላይ፤ እሱን ቀይሬዋለሁ፣ እርስዎም አይተውታል። ሌላው መፈለጊያው ውስጥ ነው። መፈለጊያው ገጹን አንብቦ የያዘውን ነው ለሰው የሚያሳየው፤ እንደገና መጥቶ እስኪያነብ ድረስ የድሮውን ይዞ ይቆያል። ለትልልቅ ገጾች ቶሎ ይመለሳል፤ የእኛን የመሰለችውን ትንሽ ገጽ ሳምንታት ያቆያታል። ዛሬ ስፈልግ አሁንም «ጀግናው ካፒቴን ሰላህ ኑርሁሴን» ይላል። ሲነኩት አዲሱ ገጽ ይከፈታል፤ ላዩ ላይ ግን ያው ነው። ቶሎ እንዲያነበው ጥያቄ አስገብቻለሁ። መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም።

ይህን መጀመሪያውኑ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር። ሥራዬ ነው፤ በየቀኑ ለደንበኛ የምናገረው ነው። ደንግጬ ረሳሁት።

ስደውል ስልክዎ አይሠራም። የኸይረዲንም፣ የሉባባም። ሉባባ፣ እህቴ፣ ይህን ካየሽው ሩጪ። ሽማግሌዎቹ ቀኑን ይግፉት። አብዱልበሲጥ የሚያየው ገጹን አይደለም፤ ላዩን ነው።

ኢኽላስ


ባሕር ዳር፣ የካቲት 1 ቀን 2018

ኢኽላስ፣

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አጎትሽ ሞቷል። እንዴት እንደሞተ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚ እኔ ልንገርሽ።

ሐሙሲት መውጫ፣ ከሻይ ቤቶቹ ጀርባ ሜዳው ላይ ተቀመጥን። እነሱ በወዲያ፣ እኛ በወዲህ፣ ሽማግሌዎቹ መሐል። መሣሪያ ሁሉ ውጭ ቀረ ተብሎ ነበር። ሰላህ ነጠላውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ በጉልበቱ እየዳኸ መጣ። የሙሀመድዘይን ሚስት ስታየው ፊቷን ሸፍና «ለአላህ ብያለሁ» አለች። ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔን ጠሩኝ። ቁርኣኑ ላይ እጄን ጫንሁ። «ስሙ ወርዷል» ብዬ ማልሁ።

አብዱልበሲጥ ተነሣ። ከአዲስ አበባ በጠዋት አውሮፕላን ነው የመጣው። ስልኩን አወጣ። «ይህን ዛሬ ጠዋት ሳልሳፈር ከመፈለጊያው ላይ ፎቶ ያነሳሁት ነው» አለና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «ጀግናው ካፒቴን ሰላህ ኑርሁሴን።» ሽማግሌዎቹ ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ ገጹን አይቻለሁ፣ ወላሂ አይቻለሁ እላለሁ። «በአባቴ ደም ላይ፣ በቁርኣን ላይ ዋሸሽ!» አለኝ።

ከአውሮፕላን ወርዶ የገዛው ጩቤ ከጃኬቱ ሥር ነበር። ሰላህ አላየውም፤ አንገቱን ደፍቷል። ከጆሮው ዝቅ ብሎ ሰካበት። ድንጋዩ ሲወድቅ ሰማሁ። ሰላህ በግንባሩ ተደፋ፤ ያም ጎንበስ ብሎ እንደገና ወጋው። ወድቆም ወጋው፣ ኢኽላስ። ሰው እስኪደርስ ድረስ ወጋው። የገዛ እናቱ እግሩ ላይ ተጠምጥማ «ብያለሁ! ለአላህ ብያለሁ እኮ!» እያለች ስትጮህ እሷንም ረግጧት ሮጠ።

ደሙን በነጠላዬ ልይዘው ሞከርሁ። አልተያዘም።

ማክሰኞ ሉባባ ሥራ ገብታ ደብዳቤሽን አመጣችልኝ። አይማሉ ይላል። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ሉባባ በስልኳ ብትፈልግ አዲሱ ርዕስ ወጥቷል። ስሙ የለም።

አስያ


ሻርጃ፣ የካቲት 3 ቀን 2018

አክስቴ፣

ምን ብዬ ሰላም ልበልዎት። ሁለት ቀን ምግብ አልቀመስኩም።

እኔ ነኝ የገደልኳቸው፤ አውቃለሁ። ግን ጩቤውን የያዘው እሱ ነው። ተንበርክኮ ይቅርታ የሚለምንን ሰው እንደ በግ ያረደ! ፖሊስ እስካሁን አልያዘውም አሉ። እኔ እይዘዋለሁ። ይኸው ገጽ ሠርቻለሁ፤ በሕይወቴ እንዲህ ተጠንቅቄ ርዕስ ጽፌ አላውቅም፦

«አብዱልበሲጥ ሙሀመድዘይን፦ የወረታ ነፍሰ ገዳይ፣ ያያችሁት ደውሉ»

ስሙ ከፊት፣ ከተማው ተከትሎ፣ አጭር፣ እውነት። ማንም ስሙን ቢፈልግ ይህ ነው ከላይ የሚወጣው። ሥራ ሊቀጥረው ያሰበ ያየዋል፤ ሚስት ልትሆነው ያሰበች ታየዋለች። የሚደወለው በጀልባው ስልክ ነው። ፎቶውን ብቻ ላኩልኝ። በየሄደበት ሞቶ ይኑር።

ኢኽላስ


ባሕር ዳር፣ መጋቢት 4 ቀን 2018

ለእህቴ ልጅ ለኢኽላስ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ። በዚህ በተከበረ ወር አላህ አጎትሽን ጀነት ይወፍቀው፤ ለእኛም ልብ ይስጠን።

መልስ ያልጻፍሁት ልቤ ካንቺ ጋር ስለነበረ ነው። ርዕስሽን ሉባባ ስታነብልኝ ጥሩ አድርጋለች አልሁ። ፎቶውን ፈልጌ ልልክልሽ ነበር።

የጀልባው ስልክ አሁን የሚያዘው በኸይረዲን ነው። ይህን አላሰብሽውም፤ እኔም አላሰብሁትም። ርዕስሽ ግን እንደምትዪው ጥሩ ነው፣ ሠራ። ባለፈው ሳምንት ከአንበሳሜ አንድ ሰው ደወለ። የምትፈልጉት ሰው እዚህ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ተሸሽጓል አለው። ኸይረዲን ለማንም አልተናገረም። ልብሱን በፌስታል ሲቋጥር ነው የያዝሁት። ከልብሱ መሐል አዲስ ጩቤ ነበር።

በዚያው ቀን የሙሀመድዘይን ሚስት ደጄ ላይ ቆመች። ልጇ ባለበት አገር ሰው ስለ እሱ ሲጠያይቅ ሰምታለች። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ ድንጋይ ማጅራቷ ላይ ተሸክማ፣ ብቻዋን ከወረታ መጥታ። ሳያት በጥፊ መታኋት። ልደግማት እጄን ሳነሣ ፊቷን አላዞረችም። «ባሌን በዚህ አጣሁት። ልጄንም ልጣ? የወንድምሽስ ልጅ?» አለችኝ። ድንጋዩን ከማጅራቷ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ለአላህ ብያለሁ አላልኋትም፤ ገና አልወጣልኝም። ድንጋዩን ግን አንሥቻለሁ።

አሁን ደም ያለበት አብዱልበሲጥ ነው። ስለዚህ ስሙ አይነሳም። ደንቡ ለሰላህ ከሠራ ለእሱም ይሠራል። ፖሊስ ይፈልገው፣ ሽማግሌም ይፈልገው፤ ኸይረዲን ግን አያግኘው። ኸይረዲን ከገደለው ነገ የኸይረዲንን ስም ከፊት አድርጎ የሚጽፍ ሌላ ኢኽላስ ወረታ ውስጥ አይጠፋም።

አውርጂው። ገጹንም፣ ርዕሱንም፣ ሁሉንም። በሱ ፋንታ ይህን ጻፊ፤ እንዳስተማርሽኝ አሳጥሬዋለሁ፦

«ጀልባ በባሕር ዳር፦ ጉማሬና የዓባይ መውጫ»

የማንም ስም የለበትም። የኔንም አውጥቼዋለሁ። ትንሹ ጀልባ ተጠግኗል፤ አለበል መንጋጋው ቢጣመምም ይነዳዋል።

ስልኩን በድንጋይ ሰብሬዋለሁ። ኸይረዲን ቁጥሩን በሌላ ስልክ ቢከፍት ግን ርዕስሽን ያየ ሰው ይደውልለታል፤ ብታወርጂውም መፈለጊያው እስኪረሳው ጊዜ ይወስዳል ብለሻል። እስከዚያ ድረስ ፍራሼን አውጥቼ በሩ ላይ እተኛለሁ። ሊወጣ ቢል እኔን ረግጦ ነው። ዛሬ አንድ ጊዜ ሞክሯል።

ርዕሱ ከመፈለጊያው የጠፋ ዕለት ጻፊልኝ።

አክስትሽ አስያ